ሦስት ወር ሥልጠና ለምን ይበቃል? ለምንስ አይበቃም?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «አባቴ በ1969 ታጠቅ ጦር ሰፈር ሦስት ወር ሠልጥኖ መጥቶ እዚሁ ድሬዳዋ ተዋግቷል። ‹ሶማሌን ከነታንኩ የመለስነው እኛ ነን› ይላል። ጓደኞቼ ደግሞ በርጫ ላይ ‹ካራማራን ያሸነፈው የኩባ ታንክ ነው፣ ሚሊሺያው ለቁጥር ነበር› እያሉ ያናድዱኛል። አቦ አንተ ታንከኛ ነበርክ። ጦርነት የሚያሸንፈው ሥልጠና ነው ወይስ ታንክ? በዚህ በድሮን ዘመንስ ታንክ ምን ይሠራል?»

መጀመሪያ ሁለት ነገር እናስተካክል። አንደኛ፣ አባትህ የተዋጉት ከሶማሊያው መሪ ከዚያድ ባሬ መንግሥት ጦር ጋር ነው። ሶማሌ ያኔም ዛሬም ድሬዳዋ ውስጥ ጎረቤትህ ነው፣ በዚያ ጦርነት ቤቱ የፈረሰበት ከብቱ ያለቀበትም ብዙ ነው። ስታወራ ይህን ለይ። ሁለተኛ፣ የነሐሴ 1969 የድሬዳዋ ውጊያና የየካቲት 1970 የካራማራ ውጊያ አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም። ድሬዳዋ ላይ የተፈለገው ቦታ ይዞ አለመልቀቅ ነው። ካራማራ ላይ የተፈለገው ተንቀሳቅሶ ማጥቃት ነው። ለመጀመሪያው ሦስት ወር ሊበቃ ይችላል። ለሁለተኛው አይበቃም፣ ዓመትም ላይበቃ ይችላል። ከጓደኞችህ ጋር የማትግባቡት ስለ ሁለት የተለያየ ሙያ እያወራችሁ ስለሆነ ነው።

ከድሬዳዋው እንጀምር። ነሐሴ 11 ቀን 1969 የዚያድ ባሬ ጦር በሁለት ሞተራይዝድ ብርጌድ፣ በታንክ ሻለቃና በመድፍ ከተማዋን ገጠመ። በዚህ በኩል የነበረው አብዛኛው ሚሊሺያ ነው። ታንካችን በጣት የሚቆጠር ነበር። በማግስቱ አጥቂው ታንክና መድፍ ጥሎ ተመለሰ። አባትህ ያሉት እውነት ነው ማለት ነው። ብቻቸውን ግን አልነበሩም፤ የአየር ኃይሉ ኤፍ-5 አውሮፕላኖች ባይኖሩ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። እሳቸውም ብትጠይቃቸው ይህን አይክዱህም።

ሦስት ወር የሠለጠነ ገበሬ እንዴት ታንክ ያቆማል? ምሽግ ውስጥ ያለ ሰው የሚጠየቀው ጥቂት ነገር ነው። ጠመንጃውን ማወቅ፣ ሲተኮስበት አለመሮጥ፣ ጥይት አለማባከን፣ በግራና በቀኝ ያለው ጓዱ ማን እንደሆነ ማወቅ። ይህ በሦስት ወር ይሰጣል። ከባዱ የታንክ ፍርሃት ነው። 36 ቶን ብረት ወደ አንተ ሲመጣ መሬቱ ከሆድህ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ጥርስህ ሳትፈልግ ይንቀጫቀጫል። ይህ ፍርሃት በወሬ አይለቅም። ሠልጣኙን ጉድጓድ ውስጥ አስተኝተህ ታንኩን በላዩ ላይ ታሳልፋለህ። አቧራውን እያራገፈ ሲወጣ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚወጣው። ክዳኑን ዘግቶ የሚመጣ ታንክ ዓይኑ ጠባብ እንደሆነ፣ አጠገቡ የተኛን ሰው እንደማያይ ያን ቀን ይገባዋል። ከዚያ በኋላ እግረኛ ያልተከተለውን ታንክ በላውንቸር የሚጠብቅ ልብ ይኖረዋል።

ግን ያንኑ ሚሊሺያ «ተነስ፣ 15 ኪሎ ሜትር በሌሊት ዙረህ በጎን ግባ፣ ከታንክና ከመድፍ ጋር ሰዓት ጠብቀህ ተገናኝ» ብትለው ይበተናል። ወኔ ስለጎደለው አይደለም። አላስተማሩትም። የሬዲዮ ቋንቋ፣ ካርታ ማንበብ፣ መድፉ የቱ ጋ መጥቶ የቱ ጋ እንደሚያቆም፣ ታንኩ ሲቆም እግረኛው ምን እንደሚያደርግ፣ ይህ ሁሉ መደጋገም ይፈልጋል። ሰው እንቅልፍ ሳይተኛ፣ በጨለማ፣ በጩኸት መሃል ሳያስብ የሚያደርገው እስኪሆን ድረስ።

አሁን ታንኩ ውስጥ ላስገባህ። ሁሉም ስለ ብረቱ ያወራል፣ ውስጡ ስላለው ሰው ግን ማንም አይጠይቅም። ቲ-55 የሚባለውን የሶቪየት ታንክ ውሰድ። አራት ሰው ይይዛል፦ አዛዥ፣ ተኳሽ፣ አጉራሽ፣ ሹፌር። አጉራሹ ያለው ከመድፉ በስተቀኝ ነው። ስለዚህ ወደ 30 ኪሎ የሚጠጋ፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ ጥይት ወደ መድፉ የሚገፋው በግራ እጁ ነው። ቀኝ እጁን የለመደ ጎረምሳ በግራ! ቦታው ደግሞ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይቆምበት ነው። ታንኩ ይዘላል። የባሩዱ ጭስ ዓይን ያቃጥላል። የድሬዳዋ ሙቀት ሲጨመርበት ብረቱን በእጅህ መንካት አትችልም። እንዲህ ሆኖ ነው አዛዡ ዒላማ ሲጠራ ጥይቱን መርጦ የሚያጎርሰው። ያልሠለጠነ አጉራሽ ጣቱን ይቆረጣል ወይም ጥይቱን ይጥለዋል። የሠለጠነው አዛዡ ተናግሮ ሳይጨርስ «ገባ!» ይላል። በሁለቱ መሃል ያለችው ጥቂት ሰከንድ ናት። ታንክ ከታንክ ሲገናኝ ቀድሞ ያየና ቀድሞ የመታ ነው የሚተርፈው፤ ስለዚህ ያቺ ጥቂት ሰከንድ የአራት ሰው ነፍስ ናት።

እኔ ታንክ ውስጥ የገባሁት ከዚያ ጦርነት በኋላ ነው። ሠልጥኜ በተራዬ ሳሠለጥን ልጆቹን በመጀመሪያው ሳምንት ታንክ አላስነካቸውም ነበር። ግቢው ውስጥ አራት ወንበር እንደ ታንኩ አደርግና ቦታ ቦታቸውን አስይዛቸዋለሁ። ዓይናቸውን በጨርቅ አስራለሁ። ከዚያ ትእዛዝ እጠራለሁ። ተኳሹ ምን እንደሚመልስ፣ ሹፌሩ መቼ እንደሚቆም፣ አጉራሹ እጁን ወዴት እንደሚሰድ። አንዱ ሲሳሳት አራቱም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ነዳጅ አይፈጅም፣ ጥይት አይፈጅም። አንድ ወር እንዲህ የሠሩ አራት ልጆች ስድስት ወር እየተለዋወጡ ከሚሠሩ የተሻሉ ናቸው። አራቱን አትነጣጥላቸው፤ ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምናገረው ይህንን ነው። አንዱ ሲታመም ከሌላ ታንክ ሰው እየነቀሉ ማስገባት የለመደ ክፍል ወረቀት ላይ ሙሉ ይመስላል እንጂ ሜዳ ላይ ጎዶሎ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። መስከረም 2 ቀን 1970 ጅግጅጋ ወደቀች። ጅግጅጋ ላይ የነበረው የእኛ ጦር ሚሊሺያ ብቻ አልነበረም፣ መደበኛው ሠራዊትም ሜካናይዝዱም ነበር። ሥልጠና ነበረው። ግን ተደጋግሞ ተመታ፣ በአዛዦቹ ላይ የነበረው እምነት አለቀ፣ አመፅ ተነሳ፣ ቦታውን ለቀቀ። ስለዚህ «ሥልጠና ካለ በቃ» የሚለውን ደግሞ እኔ ራሴ አልቀበልም። ወታደር ከላዩ ያለው አዛዥ እንደማይተወው ካላመነ የተማረውን ሁሉ ይረሳል። በዚያ ላይ ሠራዊቱ ለሃያ ዓመት በአሜሪካ መሣሪያ ሠልጥኖ መሃል ጦርነት ላይ ወደ ሶቪየት መሣሪያ የተዛወረበት ጊዜ ነው። ኤም-41 እና ኤም-47 የለመደ ታንከኛ ቲ-55 ሲሰጡት ማነጣጠሪያው ሌላ፣ ማርሹ ሌላ፣ የመማሪያው ቋንቋ ሩሲያኛ ነው። ይህ በአንድ ጀንበር አይዋጥም።

የዚያድ ባሬ ጦርስ ጅግጅጋን ከያዘ በኋላ ለምን ሐረር አልገባም? እስከዚያ ድረስ ታንኩ በሜዳ ላይ ሲጋልብ ነው የመጣው። ኦጋዴን ለታንክ የተመቸ ነው፣ ሰፊ፣ ደረቅ፣ ሩቅ የሚያሳይ። ከካራማራ ወዲህ ግን መሬቱ ተለወጠ። ጋራና ሸለቆ፣ ጠባብ መንገድ፣ ዝናብ። የቲ-55 መድፍ አፈሙዙን ወደ ታች ዝቅ የሚያደርገው 5 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ከጋራ ጫፍ ወደ ሸለቆ ለመተኮስ ገላውን አውጥቶ መታየት አለበት። ሜዳ ላይ ይህ ችግሩ አይታወቅም፣ ባቢሌና ቆሬ ላይ ግን ይገድላል። ስንቁም ከኋላ ራቀ። ኅዳር ላይ ደግሞ ሶቪየቶችን ከሞቃዲሾ አባረሩና መለዋወጫውም ምክሩም ተቋረጠ። ለዓመታት በሶቪየት አሠልጣኝ የተገነባ፣ ወደ 250 ታንክ የነበረው ጦር ነው እንግዲህ። ሥልጠናውም ታንኩም ነበረው። ያጣው ከኋላ የሚመጣውን ነው።

ስለ ኋላው ካነሳሁ ነዳጁን አስላልኝ። ቲ-55 በደህና መንገድ ላይ በኪሎ ሜትር 2 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ከድሬዳዋ በደንገጎ አድርገህ ሐረር ድረስ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። 31 ታንክ ያለው ሻለቃ ይህችን ብቻ ለመውጣት ከ3 ሺህ ሊትር በላይ ይፈልጋል። ያውም ዳገቱን ሳትቆጥር፣ ሞተር አስነስቶ መጠበቁን ሳትቆጥር። አይሱዙ የሚነዳ ዘመድ ካለህ የደንገጎን ጥምዝምዝ ጠይቀው። አንድ ታንክ እዚያ ላይ ሰንሰለቱን ቢጥል ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ ጎታች ተሽከርካሪ፣ መካኒክ፣ የነዳጅ ቦቴ የሌለው ታንክ ክፍል መንገድ ዳር የቆመ ብረት ነው። ሰው ሰልፍ ላይ ታንኩን አይቶ ያጨበጭባል፣ እኔ ግን የማየው ከኋላው የሚመጣውን ቦቴ ነው።

ካራማራ ላይ ምን ተደረገ? ከሐረር ስትመጣ ወደ ጅግጅጋ የሚያሳልፈው በሩ ያ ነው። ፊት ለፊት ብትገባበት ከላይ ሆኖ ይፈጅሃል። በሶቪየቱ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ የተመራው ዕቅድ በሩን ፊት ለፊት ይዞ ዋናውን ኃይል በሰሜን በኩል ማዞር ነበር። የኢትዮጵያና የኩባ ጦር ተራራውን ዞሮ ከጀርባ ወረደ። ሚ-6 የሚባሉት ትልልቅ ሄሊኮፕተሮች ቀላል ብረት ለበሶችን ጭነው ከተራራው ማዶ አወረዱ። የእኛ ሰው ቆረጣ የሚለው ይህንን ነው። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅግጅጋ ተመለሰች።

አየህ፣ ጓደኞችህ እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። ቆረጣውን ያስቻለው የሠለጠነ ሜካናይዝድ ኃይል ነው፤ ኩባዎቹ ታንካቸውን ከነሠራተኛው፣ አብሮ ከሠለጠነ ሰው ጋር ነው ያመጡት። «ሚሊሺያው ለቁጥር ነበር» ማለታቸው ግን ስህተት ነው። ፊት ለፊት አስጨንቆ የሚይዝ ከሌለ ጠላት ዞር ብሎ የዞረብህን ይመታዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ ድሬዳዋንና ሐረርን እነዚያ ወራት ሙሉ የያዘ ባይኖር ኩባው የሚወርድበት አውሮፕላን ማረፊያም አይኖርም ነበር። የያዘው ኃይል ጊዜ ገዛ፣ የሚንቀሳቀሰው ኃይል በዚያ ጊዜ ተደራጅቶ መታ።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940 ፈረንሳይ ከጀርመን የሚበልጥ ታንክ ነበራት፣ አንዳንዱም በብረት ውፍረቱ የተሻለ ነበር። ግን ሶሙዋ የሚባለው ታንካቸው ላይ ቱሬት (መድፉን ይዞ የሚዞረው የላይኛው ክፍል) ውስጥ ያለው አንድ ሰው ነው። እሱው ያዝዛል፣ እሱው ያጎርሳል፣ እሱው ይተኩሳል። ብዙዎቹ ታንኮች ሬዲዮ አልነበራቸውም። ጀርመኖቹ ሥራውን ለሦስት ሰው አከፋፈሉ፣ ሬዲዮ ሰጡ፣ ታንኩን በየእግረኛው ከመበተን ሰበሰቡት። ግንቦት 13 ሴዳን ላይ ወንዝ ተሻግረው ግንቦት 20 ባሕር ዳርቻ ደረሱ።

ሌላ ልጨምርልህ። እ.ኤ.አ. የካቲት 26 ቀን 1991 የኢራቅ በረሃ ላይ፣ አቧራ እያነሳ ባለ ነፋስ መሃል፣ 9 አብራምስ ታንክ የነበረው የአሜሪካ ሻምበል ከ20 ደቂቃ ትንሽ በሚያልፍ ጊዜ ከሱ በብዙ የሚበልጥ የኢራቅ ታንክና ተሽከርካሪ አወደመ። ሰው ሁሉ «ሙቀት በሚያይ መነፅር ነው» ይላል። መነፅሩ ረድቷል፣ አልክድም። ግን ኢራቆቹን ተመልከት። ታንካቸውን ቆፍረው ከመቅበር ይልቅ ከፊቱ አሸዋ ከመሩ። ክምር አሸዋ መድፍ አያቆምም፣ ይልቅ «እዚህ ነኝ» ይላል። ከፊት ጠባቂ አላወጡም። ከታንኩ ወርደው መጠለያ ውስጥ የነበሩም ነበሩ። እነዚህ የሥልጠና ጉድለቶች ናቸው። የአሜሪካው ልጅ አብዛኛው ውጊያ አይቶ አያውቅም፣ ግን በረሃ ውስጥ በተሠራ የልምምድ ሜዳ ጠላት ከሚመስል ክፍል ጋር ተደጋግሞ ተጋጥሟል፣ ተሸንፏል፣ ማታ ተሰብስቦ «የት ተሳሳትን?» ተብሏል። ይህችን ማታ ማታ የምትደረግ ግልጽ ግምገማ ያለ ሐሜት፣ ያለ ማዕረግ ፍርሃት ማድረግ የሚችል ሠራዊት ይሻሻላል። የማይችለው በየዓመቱ ያንኑ ስህተት ይደግማል።

ታንክ ብቻውን ምን እንደሚሆን ደግሞ ቻድን እይ። እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1987 ፋዳ ላይ የቻድ ተዋጊዎች በቶዮታ ፒክአፕና ሚላን በሚባል ፀረ ታንክ ሚሳይል የሊቢያን ከ90 በላይ ታንክ አጠፉ። ቶዮታ ታንክ በለጠ ማለት አይደለም። የሊቢያው ታንክ ቆሞ ጠበቀ፣ የቻዱ ሾፌር በረሃውን እንደ ግቢው ያውቃል፣ ጎኑንና ጀርባውን አገኘው። «ተንቀሳቃሽ» የሚለው ቃል ሰንሰለት ባለው ነገር ላይ መቀመጥ ማለት አይደለም። ከጠላትህ ቀድመህ መወሰንና ቀድመህ መድረስ ማለት ነው።

ስለ ድሮን የጠየቅከው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግን «ታንክ አለቀለት» የሚለው ወሬ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 1973 ሲና በረሃ ላይ የእስራኤል ታንኮች ያለ እግረኛ፣ ያለ በቂ መድፍ ጋልበው ገብተው በግብፅ እግረኛ ሚሳይልና ላውንቸር ክፉኛ ተመቱ። ያኔም «አለቀለት» ተባለ። በጥቂት ቀን ውስጥ ግን እግረኛና መድፍ አብሮ ማንቀሳቀስ ጀመሩና ከአንድ ሳምንት በኋላ የስዊዝ ካናልን ተሻገሩ። ድሮን ከሚሳይሉ የከፋው ከላይ ስለሚያይ ነው። የተሰበሰበ ታንክ፣ መንገድ ላይ የተሰለፈ ቦቴ፣ ቀን ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ይታያል። በ2020ው የናጎርኖ ካራባክ ጦርነት ይህ በግልጽ ታይቷል። እኔ የምለው፣ ድሮን የሥልጠናን ዋጋ አልቀነሰም፣ ጨመረው። መሸሸግ፣ መበተን፣ ሌሊት መንዳት፣ ሞተር አጥፍቶ መጠበቅ፣ ሬዲዮ ላይ አለማውራት፣ እነዚህ ሁሉ ልምምድ ናቸው። ያልሠለጠነ ታንከኛ ድሮን ባለበት ሜዳ ላይ ግማሽ ቀን አይቆይም።

ሦስት ነገር ላስጠንቅቅህ። የታንክ ቁጥር እየደረደሩ «እንቶኔ ያሸንፋል» የሚሉትን አትመን፤ ስንቱ ይነሳል፣ ስንቱ ሙሉ ሠራተኛ አለው፣ ስንት ቀን ነዳጅ አለው ብለህ ጠይቅ። አንድ ውጊያ ብቻ ይዘህም ሕግ አታውጣ፤ ድሬዳዋ የሚያስተምርህን ጅግጅጋ ያፈርስብሃል። ደግሞ ሥልጠና ተአምር አይደለም፣ የሠለጠነም ሰው ጥይቱ ካለቀበት እንደማንኛውም ጥይቱ ያለቀበት ሰው ነው።

ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ክርክሩን አቁምና አባትህን ቁጭ አድርገህ ጠይቃቸው። «ጀግና ነበርክ ወይ?» አትበል። በግራህ ማን ነበር? ታንኩን በስንት ሜትር አየኸው? ውሃና ጥይት ማን ያመጣልህ ነበር? አዛዥህ የት ቆሞ ነበር? በስልክህ ቅረፀው፣ ቀንና የቦታ ስም አስጠራቸው። ያ ትውልድ እያለፈ ነው፣ እንዲህ ያለው ዝርዝር ደግሞ ከሳቸው ሌላ የትም አይገኝም። ከዚያ ጓደኞችህን ሰብስበህ በሐረር በኩል አውቶቡስ ያዙና ባቢሌን አልፋችሁ ካራማራ ሂዱ። በሩ ላይ ውረዱና ወደ ሐረርም ወደ ጅግጅጋም እዩ። ከዚያ ተራራው በስተሰሜን የሚሄድበትን ተከተሉና 36 ቶን ይዛችሁ በየት እንደምትዞሩ ተነጋገሩ። ውሃ በደንብ ያዙ፣ በጠዋት ውጡ፣ ከመንገዱ ዳር ሳትርቁ ሁኑ፤ የድሮ ጦር ሜዳ ላይ ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ስለሚችል መሬት ላይ የወደቀ ብረት ምንም ይሁን አትንኩ።